የህንድ ፊልም ለድሃው ቆሟል ወይስ ተጠቅሞበታል?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን «የህንድ ፊልም ዘፈንና ለቅሶ ነው፣ ለድሃው ምንም አልፈየደም» ብሎ ጽፎ ነበር። በፍጹም አልስማማም። በደቡብ ህንድ ያለችውን የታሚል ናዱ ግዛት እዩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1952 የወጣው ‹ፓራሳክቲ› የተባለ ፊልም በሃይማኖት ስም ድሃ የሚበድሉትን ፊት ለፊት ተናገረ። ይታገድልን የሚል ጩኸት ሁሉ ተነስቶበታል። የፊልሙን ንግግር የጻፈው ካሩናኒዲ በ1969 የግዛቱ መሪ ሆነ።

ባለ ሱቁ፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያናድደኝ እኮ ይሄ ከፊልም ወደ ሥልጣን መሄዱ ነው። የዚያችው ግዛት ታዋቂ ተዋናይና ፖለቲከኛ የነበረውን ኤም ጂ አርን ውሰድ። ፊልም ላይ ሁሌ የድሃ ጠበቃ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ሁሉ ሠርቷል። በ1967 ምርጫ ሊደርስ ሲል አንድ ተዋናይ አንገቱን በጥይት መታው። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ የተነሳው ፎቶ ፖስተር ሆኖ ተለጠፈ፣ እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ተመረጠ። ሕዝቡ የመረጠው ማንን ነው? ሰውዬውን ወይስ ዓሣ አጥማጁን?

የፒያሳ ልጅ፦ ሁለቱንም። ግን እኮ ሠርቶላቸዋል! በ1977 የግዛቷን ሥልጣን ያዘ፣ በ1982 የተማሪዎችን የምሳ ፕሮግራም በሰፊው አስጀመረ። የራበው ልጅ በልቶ ሲማር ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

ባለ ሱቁ፦ ምሳውን አልጠላሁም። ፊልሙ ላይ የነበረው የተበደለ ሰው ቁጣ የት ሄደ ነው የምለው። በ1975፣ በህንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የወጣውን ‹ሾሌ› የተባለ ፊልም አስታውሱ። እጆቹን የተቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታውን ሚስማር በተመታበት ጫማ ረግጦ ይገድለዋል። መጀመሪያ የተቀረጸው እንዲህ ነበር። ሳንሱር እምቢ አለ፣ እንደገና ተቀርጾ ፖሊስ ደርሶ ሽፍታውን ይዞት ሄደ።

የጎንደሯ፦ ሁለታችሁም «ድሃው» ትላላችሁ፣ የትኛው ድሃ? ፒ ኬ ሮዚ የምትባል ዳሊት ሴት ነበረች፣ ዳሊት ማለት በህንድ ካስት በሚባለው የዘር ደረጃ ከሁሉም በታች ተደርጎ የሚናቅ ወገን ነው። በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ በተሠራው የመጀመሪያው የማላያላም (የኬረላ ቋንቋ) ፊልም ላይ የላይኛው ካስት ሴት ሆና ተወነች፣ በቃ ይሄው ነው ጥፋቷ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ድንጋይ ተወረወረ። ቤቷን አቃጠሉት። ወደ ታሚል ናዱ ሸሽታ ማንነቷን ደብቃ ኖረች፣ ዳግም ካሜራ ፊት አልቆመችም።

የፒያሳ ልጅ፦ ያማል። ግን እሷን ያባረራት ተመልካቹ ነው፣ ሲኒማው አይደለም።

የጎንደሯ፦ ያ ተመልካች ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ነው እኮ! ሲኒማው የኖረው በእሱ ብር ነው። ከሱና ከሮዚ ማንን እንደመረጠ ንገረኝ።