ተደብቆ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ይታመናል?

የሄርማታ ልጅ፦
የጅማ የፎቶግራፍ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የሄርማታን ገበያ ኑሮ በፎቶግራፍ ለማስቀረት አስቤያለሁ። አርአያ ያደረግሁት አርኖልድ ጌንቴን ነው። ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1895 የአንድ ባለጸጋ ልጅ ሊያስተምር ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ፣ ነዋሪዎቹ መነሣት ስለማይወዱ የቻይናውያንን ሰፈር በትንሽ ካሜራ እየተደበቀ ያነሣ ነበር። እዚህም ባርጩማ ሻጮቹ ካሜራ ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እንደ እርሱ ባደርግ ነውር ይሆናል? ሥራውስ ለታሪክ ማስረጃነት ይበቃል?

ከጅሬን፦
ሥራውን ሳደንቅ ኖሬያለሁ፤ ነገር ግን ከመደበቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 መጽሐፉን ሲያሳትም ከአንዳንዶቹ ፎቶግራፎች የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎችን ፍቋል፣ በአጠገብ የሚያልፉ ነጮችንም ቆርጦ አውጥቷል፤ በዚህም ሰፈሩ ከከተማው ጋር የማይገናኝ ባዕድ ዓለም መስሎ ቀርቷል። እርስዎም ቡና ሻጯን አንሥተው ከጀርባዋ የተሰቀለውን የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ቢቆርጡት ፎቶግራፉ ያምር ይሆናል፤ ጅማ ግን አትሆንም። ያልተነካካውን ፋይል ሳያጠፉ ያስቀምጡ።

የአዌቱ ዳር፦
ወንድሜ ከጅሬን ያሉት እውነት ቢሆንም በጌንቴ ላይ ትንሽ የከበዱበት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1906 የመሬት መንቀጥቀጡና ተከትሎት የመጣው ቃጠሎ ሰፈሩን ሲያወድመው የእርሱም ስቱዲዮ ነደደ፤ የቻይናውያኑ ኔጋቲቮች (ፎቶግራፎቹ የሚታተሙባቸው መነሻዎች) ግን በባንክ ካዝና ተቀምጠው ስለነበር ተረፉ። እነዚያ 200 ያህል ፎቶግራፎች ባይኖሩ ኖሮ ከቃጠሎው በፊት የነበረውን የመንገድ ኑሮ በምን እናየው ነበር? ሆኖም ሲመለከቷቸው እ.ኤ.አ. የ1882ቱን ሕግ አይርሱ። ሕጉ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በመከልከሉ ሰፈሩ በአብዛኛው ሚስትና ልጅ አጠገባቸው የሌሉ ወንዶች የሚኖሩበት ሆኖ ነበር፤ በጌንቴ ፎቶግራፎች ግን የበዓል ልብስ የለበሱ ሕፃናት ደጋግመው ይታያሉ። ዐይኑን የሳበውን መርጧል ማለት ነው፤ ማን የማይመርጥ አለ?

ከጅሬን፦
መምረጡንስ ማን ጠላው፤ የጠላሁት መፋቁን ነው። ስለ መደበቁ ለተጠየቀው ግን፣ ሄርማታ ነገም የሚመለሱበት ገበያ ነውና መጀመሪያ ያንሡ፣ ወዲያው ቀርበው ያሳዩአቸው፤ አጥፋ ያለዎት ሰው ካለ እዚያው ፊቱ ያጥፉለት።