በቦንጋ ደን ያየናትን ትንሽ የዛፍ እንቁራሪት ሳንይዛት እንዴት እንለያት?

መምህር ከቦንጋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ በአካባቢያችን ባለው ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ በማይረግፍ ደን የሚኖሩትን እንስሳት ይመዘግባል። ክረምቱ ሲገባ፣ በደኑ ጠርዝ ባለ የዝናብ ኩሬ ላይ በተንጠለጠለ ቅጠል፣ ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና መልኳ ወደ ቢጫ የሚያደላ እንቁራሪት ማታ በባትሪ ብርሃን አየን። የጣቶቿ ጫፎች እንደ ልብስ ቁልፍ ክብና ጠፍጣፋ ናቸው። ከየትኛው ወገን ናት? አንዷን በአልኮል አድርገን ለቤተ ሙከራ ብናስቀምጥስ?

ጫካ ተመልካች፦
መምህር፣ የጣቶቹ ጫፍ ክብ መሆኑ ቅጠልና ግንድ ላይ ተጣብቃ መውጣት እንደምትችል ከመንገር አያልፍም፤ ምክንያቱም ሌፕቶፔሊስ፣ አፍሪክሳለስና ሃይፐሮሊየስ የተባሉት ሦስቱም ወገኖች ይህ አላቸው። ይልቅ የዓይኗን ብሌን ይመልከቱ። በሃይፐሮሊየስ የብሌኑ ስንጥቅ አግድም ሲሆን በሁለቱ ግን ቁልቁል ነው። ሆኖም ብሌኑ በጨለማ ስለሚሰፋና ክብ ስለሚመስል የማታ ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ቀን ቅጠል ላይ ዐርፋ ስታገኟት ከጎን አንሷት።

የኩሬ ዳር፦
በዚህ ላይ የምጨምረው እንቁላሉን ነው፤ በእኔ ግምት ከመልኳ ይልቅ አስተማማኙ ምልክት እርሱ ነው። የአፍሪክሳለስ ሴት እንቁላሏን ቅጠል ላይ ጥላ ቅጠሉን በማጠፍ ጠርዞቹን ታጣብቃለች፤ እጮቹ ሲፈለፈሉ ወደ ውሃው ይገባሉ። ሌፕቶፔሊስ ግን በውሃ አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ትቀብረዋለች። ስለዚህ በኩሬው ላይ የታጠፈ ቅጠል ካለ፣ ከመጠኗም ጋር ሲታይ፣ አፍሪክሳለስ መሆኗን እጠረጥራለሁ። በአገራችን ብቻ ከሚገኙት መካከል አፍሪክሳለስ ክላርኪና በእንሰት ቅጠሎች መካከል የምትጠለለው አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ አሉ፤ ሁለቱም ለሳይንስ የተገለጹት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የቦታውን ከፍታና በአቅራቢያው ምን ዓይነት ተክል እንዳለ አብራችሁ ጻፉ፤ ድምፅዋንም በስልክ ቅዱ፤ ወንዶቹ የሚጮኹት ማታ ነውና።

ፈቃድ ጠያቂ፦
አልኮሉን ይተዉት። የዱር እንስሳን ናሙና መውሰድ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለክበብ ሥራ ደግሞ ጥሩ ፎቶግራፍ፣ ቀንና ቦታ ይበቃሉ። እንቁራሪቶችን የሚገድለው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በኢትዮጵያም መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት የቦቲያችሁን ጭቃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ቆዳቸው ያገኘውን ሁሉ ስለሚመጥ የትንኝ መከላከያ ቅባት በተቀባ እጅ መንካትም አይገባም።

መምህር ከቦንጋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የታጠፈ ቅጠል ካገኘን በውስጡ ያለውን ለማየት ብንከፍተው ጉዳት አለው?

የኩሬ ዳር፦
አዎን፣ እንቁላሉ ይደርቃል። ቅጠሉን ሳትነኩ ከበስተጀርባው ባትሪ አብሩበት፤ ቅጠሉ ስስ ከሆነ የእንቁላሎቹ ጥላ ይታያችኋል።