መስታወቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ ግን እምቢ አለኝ

ጠያቂ፦ የፒያሳው
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያዬን አራት ኪሎ እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ ስስ ንብርብር በርካሽ መሥራት ነው። የስልካችን ስክሪን ላይ ያለው እንዲህ ያለ ንብርብር፣ አይቲኦ (ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ) የሚባለው፣ በአብዛኛው ኢንዲየም ነው። ኢንዲየም ደግሞ ከዚንክ ማዕድን ጋር በጥቂቱ የሚወጣ ውድ ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ቲን ኦክሳይድ ዞርኩ። (ቲን ያው ቆርቆሮ ነው፤ የቤት ክዳኑን ማለቴ ግን አይደለም።)

ቲን ክሎራይድ በአልኮል አሟሟሁ፣ ትንሽ አሞኒየም ፍሎራይድ ጨመርኩበት። ከመርካቶ በገዛሁት ባዶ የሽቶ ጠርሙስ፣ ሆት ፕሌት ላይ በጋለ መስታወት ላይ እነፋዋለሁ። መስታወቱ ፒያሳ ከመስታወት ቆራጭ የለቀምኩት የ3 ሚሊሜትር ቁራጭ ነው። ሆት ፕሌቱ 450 ዲግሪ ይላል። የሚወጣው ነገር ጥርት ያለ ነው፣ ያምራል። ቴስተር ሳደርግበት ግን 2 ሜጋኦም (2 ሚሊዮን ኦም)፣ ከረንት አያሳልፍም ማለት ይቻላል! ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። ማክሰኞ ደግሞ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ቸኩዬ መስታወቱን ከነግለቱ ሲሚንቶ ላይ ሳስቀምጠው ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ምን እያጠፋሁ ነው?

ቀበና_ላብ፦
ወንድሜ፣ 450 ያለው ሆት ፕሌቱ እንጂ መስታወቱ አይደለም። መስታወት ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። በዚያ ላይ በነፋህ ቁጥር ላዩ ይቀዘቅዛል። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ብታፈስበት እንጀራው ዓይን ያወጣል? ቴርሞከፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ላዩ ላይ አስነካና እይ። ከዚያ አንድ ሁለቴ ንፋ፣ ቆም በል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ድገም። ሲያልቅ አጥፍተህ እዚያው ላይ ይብረድ።

ያስደነገጠኝ ግን አልኮሉ ነው። የጋለ ፕሌት ላይ አልኮል ስትነፋ እሳት ሊነሳብህ ይችላል። ከቲን ክሎራይዱ የሚወጣው ጭስ አሲድ ነው፣ ፍሎራይድ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ፊውም ሁድ (ጭስ ስቦ የሚያስወጣ የላብ ሳጥን) ከሌለህ አትጀምር፤ መስኮት ከፍቻለሁ ማለት አይሠራም። የፍሎራይዱን ውህድም በፕላስቲክ ዕቃ ያዝ። ብርጭቆ ይበላል።

ፍሪጅ_ጠጋኙ፦
እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ ካዛንቺስ የሱፐርማርኬት ፍሪጅ ነው የምጠግነው። አይስክሬም የሚቀመጥበት ፍሪዘር በሩ ላይ ጤዛ እንዳይዝ መስታወቱ በኤሌክትሪክ ይሞቃል አይደል? ብዙዎቹ ላይ ያ የማይታይ ቅብ ቲን ኦክሳይድ ነው። ሰባራ አግኝና ሁለቱንም ገጽ በቴስተር ሞክር፤ አንዱ ገጽ ያስተላልፋል። ካንተ ጋር ማወዳደሪያ ይሆንሃል። ልቁረጠው እንዳትል ብቻ፣ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ መስታወት) ስለሆነ ብትንትኑ ይወጣል።

የፒያሳው፦
ጉድ ነው! ፕሌቱ 450 ሲል ላዩ 340 ነው። ላዩ 450 እስኪደርስ ከፍ አድርጌ፣ እያረፍኩ ነፋሁ። በእርግጥ ፊውም ሁድ ውስጥ ነው። አሁን 900 ኦም! ከዚህ በታች እንዴት ላውርደው?

ቀበና_ላብ፦
መጀመሪያ ልኬቱን አጥራ። ቴስተር ጫፎቹ ከቅቡ ጋር የሚነካኩበትን ቦታ ኦምም ደምሮ ይቆጥርብሃል። በአራት ጫፍ ለካ፤ በውጪዎቹ ሁለት ከረንት ላክ፣ በመሃሎቹ ቮልቴጅ አንብብ። ከዚያ የፍሎራይዱን መጠን ጥቂት በጥቂት እየቀያየርክ ሞክር። ሲበዛም ያበላሻል።

ፍሪጅ_ጠጋኙ፦
ትናንት አንድ በር ተሰብሮብኛል፣ ስብርባሪው በካርቶን አለ። መጥተህ ውሰድ። ጓንት ይዘህ ና።