የቆዳ ቢላዬ ግራይንደር ከነካው ወዲህ ስለት አልይዝ አለ፤ ምን ላድርግ?

ሆጤ ቆዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ቀበቶና የሴት ቦርሳ በእጄ እሰራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያሉኝ መሣሪያዎች አንድ የቆዳ ቢላ፣ ሁለት ወስፌ፣ አራት ቀዳዳ መብሻ፣ መዶሻና መቀስ ናቸው።

የጨነቀኝ ቢላው ነው። ከአንድ ጫማ ሰፊ ላይ የገዛሁት የድሮ ቢላ ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ። የፍየል ቆዳ ጠርዝ ሳሳሳበት ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። ከወር በፊት ሲደነዝብኝ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ግራይንደር ላይ አድርጎ፣ ብልጭታው እየተረጨ፣ በሁለት ደቂቃ ስሎ ሰጠኝ። አፉ አካባቢ ሰማያዊ ሆኗል፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። የዚያን ቀን እንደ ምላጭ ሆኖ ዋለ። በነጋታው ሁለት ቀበቶ ሳልጨርስ ደነዘ። ከዚያ ወዲህ እስለዋለሁ፣ ይደንዛል፤ እስለዋለሁ፣ ይደንዛል። ባለፈው ቅዳሜ ለሙሽራ የታዘዘ ቦርሳ ክዳን ላይ አዳልጦኝ ቆዳውን ሰነጠቀው። ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ፣ መርጬ ያመጣሁት ቆዳ ነበር። አለቀስኩ።

ሌላው ዝገት ነው። ክረምት ሲገባ የጦሳ ጉም ቤት ድረስ ነው የሚመጣው። መሣሪያዎቼን ራሴ በሰፋሁት የቆዳ ማቀፊያ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ግን ወስፌዎቹ ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ። የኑግ ዘይት ብቀባቸው ጭራሽ ተጣበቁ። አንደኛው ወስፌ ደግሞ ቆዳውን መውጋት ትቶ ይቦጭቀዋል።

አዲስ ቢላ ልግዛ ወይስ ይሄ ይድናል?

ፒያሳ ጫማ

እህቴ፣ አትድከሚ። ከተር ግዢ። ምላጩ ሲደነዝ ሰብረሽ ትጥያለሽ፣ አዲሱ ይወጣል። እኔ ሶል የምቆርጠው በሱ ነው። ስለት ድንጋይ ከነካሁ ዓመት አልፎኛል።

የኮርቻ ሰፊው ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አብሽሪ እቱ፣ ቢላሽ አልሞተም።

የፒያሳው ወንድሜ ለቀጥታ መቁረጥ ልክ ነው። ለማሳሳት ግን ከተር አይሆንም። ምላጩ ቀጭን ስለሆነ ይተጣጠፋል፣ ስለቱም በሁለት ጎን ነው። ማሳሳት የሚፈልገው ጀርባው ጠፍጣፋ፣ የማይነቃነቅ ብረት ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ ኮርቻና ልጓም ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ በቆዳ የሚያድር ሰው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። እሱ ግን ማታ ማታ መሣሪያውን ሳይወለውል እህል አይቀምስም። የሆጤ ልጅ ስለ ስለት ስትጠይቅ ሳነብ ደስ ስላለኝ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰማያዊው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቢላ ሲሰራ እሳት ውስጥ ይቀላል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያኔ ይደነድናል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ይሞቅና ትንሽ ይለዝባል። ያቺ ልክ ናት ስለት የምታስይዘው። ብረቱ ወደ 220 ዲግሪ ሲደርስ የደረቀ ሳር ቀለም ይይዛል። 300 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሆነ ማለት ከልኩ በላይ ለስልሷል ማለት ነው። ግራይንደር ደግሞ ቀጭኗን አፍ በሰከንዶች ውስጥ እዚያ ያደርሳታል። አንዴ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢነከር የሄደው ጥንካሬ አይመለስም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቀለሙ ሲወለወል ይጠፋል፣ ልስላሴው ግን እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ቀለሙን አጥፍቶ ዳነ ይላል። ስለዚህ ሳትነኪው በፊት ሰማያዊው የሚያልቅበት ቦታ ላይ በማርከር መስመር አስምሪ። ከዚያ ሞረድ ይዘሽ በቀስታ ፈትኚው። ሞረዱ የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ደንዳና ነው። የሚበላው ከሆነ ለስልሷል። አፉ ላይ ይበላዋል፣ ከመስመሩ ጀርባ ይንሸራተታል ብዬ እገምታለሁ። ያቺን የለሰለሰች ክፍል ሞርደሽ ማውጣት ነው። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በእጅ፣ ድንጋይ ላይ፣ በውሃ። ይዘገያል። ግን በእጅ ሲሆን ብረቱን ሙቀት አያበላሽብሽም።

ከዚያ የስለቱን ተዳፋት፣ ማለትም ወደ አፉ የሚያዘቀዝቀውን ፊት፣ አውጪ። አባቴ ዲግሪ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። «የተዳፋቱ ስፋት የብረቱን ውፍረት አራት ጊዜ ይሁን» ነበር የሚለው። ብረትሽ 2 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ተዳፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። እኔ በኋላ ሳሰላው ወደ 14 ዲግሪ ይመጣል። ለፍየልና ለበግ ቆዳ ጥሩ ነው። ለወፍራም የበሬ ቆዳ ትንሽ ወፈር ብታደርጊው ቶሎ አይሰበርም።

ስትስይ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ አስተኝተሽ ሂጂ። ትክክል የሚሆነው ከጀርባ በኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በአውራ ጣትሽ ስትዳስሺው የምትይዝ ቀጭን የብረት ጢም ስትወጣ ነው። ጢሟ ግማሽ ቦታ ላይ ብቻ ካለች ገና ነሽ። ስትጨርሺ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አስተኝተሽ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳቢው። ጀርባውን ቅንጣት ታህል ከፍ ካደረግሽው ስለቱ ይዞራል። ማሳሳትም አይሆንልሽም።

መጨረሻ ቆዳ ነው። ጣውላ ላይ የተለጠፈ ወፍራም ቆዳ፣ ሻካራው ፊት ወደ ላይ። የብረት ማወልወያ አረንጓዴ ሊጥ ካገኘሽ ትንሽ ቀቢበት። ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትሽ፣ በየጎኑ 20 ጊዜ። ወደ ፊት ከገፋሽው ቆዳውን ይቆርጠዋል። ከዚያ መብራት ስር አፉን ወደ ዓይንሽ አዙሪ። የደነዘ አፍ ብርሃን ይመልሳል፣ ነጭ ክር ይታይሻል። የተሳለ አፍ ምንም አይታይበትም።

ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ያዢልኝ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ ሳይደንዝ በፊት ቆዳው ላይ ሳቢው። ስራ ስትጀምሪ 10 ጊዜ፣ ሻይ ስትጠጪ 10 ጊዜ። እኔ ድንጋይ የማወጣው በወር አንዴ ነው። አንቺን ብየዳ ቤት የወሰደሽ እስኪደንዝ መጠበቅሽ ነው። በተለይ ከፋብሪካ የሚወጣው በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ ነው። ቢላው ትንሽ ከደነዘ ከመቆረጥ ይልቅ ይሳባል። ያኔ እጅሽ ይበረታል፣ ቢላው ያዳልጣል። የሙሽራዋ ቦርሳም በዚህ ነው የተሰነጠቀው።

ዝገቱን ማታ እመለስበታለሁ።

አናጢ ቧንቧ ውሃ

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ለመሮም ይሰራል፤ ጀዛከላህ ኸይር። ከኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

ድንጋይሽ መሃሉ ጎድጉዶ ከሆነ ቀጥ ያለ ስለት አያወጣም። እኔ ድንጋይ ትቻለሁ። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አስተኛለሁ። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። ለአንቺ ሰማያዊውን ለማውጣት ቁጥር 220፣ ከዚያ 400፣ 1000፣ መጨረሻ 2000። ወረቀቱን በውሃ ነክረሽ መስታወቱ ላይ ብትለጥፊው ራሱ ይይዛል። ተዳፋቱን ደግሞ በማርከር ቀቢው። ሁለት ጊዜ ሳቢና እዪው። ቀለሙ ሳይነሳ የቀረበት ቦታ ያልነካሽው ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላ ቢላ ከፈለግሽ ጋራዥ ሄደሽ የትልቁን ብረት መቁረጫ ማሽን መጋዝ ስባሪ ጠይቂ። የእጅ ሴጌቶ ሳይሆን የማሽኑን። እሱ ብረት ሙቀት ይችላል፣ ሰማያዊ ቢሆንም አይለሰልስም። ግን ለመሳል ትዕግስት ይፈልጋል።

የኮርቻ ሰፊው ልጅ

መስታወቱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ሳቢ፤ ከገፋሽ ይቀደዳል።

ወደ ዝገቱ። ጥፋተኛው የቆዳ ማቀፊያሽ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ውስጡ አለ። ብረት እዚያ ውስጥ ክረምቱን ሲከርም ይዝጋል። ማቀፊያው ለመንገድ ይሁን። ቤት ውስጥ መሣሪያሽን በእንጨት ሳጥን አስቀምጪ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣያት፤ ሰብስበሽ ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጊ። እኔ ከእናንተ ዝቅ ብዬ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ነኝ፤ እናንተ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ጉም ውስጥ ናችሁ፣ ጥንቃቄው ለእናንተ ይብሳል።

የኑግ ዘይት ለወጥ ነው። አየር ሲያገኘው ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፣ ለዚህ ነው የተጣበቀብሽ። በነጭ ጋዝ እጠቢው፣ ዝገቱን በቁጥር 1000 ወረቀት አሺው፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ቫዝሊንም ይሆናል። ስራ ከመጀመርሽ በፊት ግን ጥረጊው፣ ቆዳው ላይ እንዳያርፍ።

የሚቦጭቀው ወስፌ ጫፉ ተቆልምሞ ይሆናል። ጥፍርሽ ላይ በቀስታ ጎትቺው፣ ከያዘ ተቆልምሟል። ባለ አራት ማዕዘን ከሆነ አራቱንም ፊት እኩል፣ እኩል ቁጥር እየቆጠርሽ ሳይው። አንዱ ከበዛ ቀዳዳው ይጣመማል። ከዚያ ቆዳው ላይ አወልውዪና ሰም ውስጥ ውጊው። የንብ ሰም ቁራጭ ሁልጊዜ አጠገብሽ ይኑር። በሦስት አራት ስፌት አንዴ ወስፌውን ሰሙ ውስጥ ከከተትሽው እጅሽ ያን ያህል አይደክምም።

ሆጤ ቆዳ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አላህ እጅዎን ይባርክ። አናጢው ወንድሜም አመሰግናለሁ።

ሞረዱ እንዳሉት አፉ ላይ በላው፣ ከመስመሩ ኋላ ተንሸራተተ። ለማውጣት ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ትከሻዬ እስኪዝል። ጢሟን ሳገኛት እናቴን ጠርቼ አስዳሰስኳት። አራት ቀን ሰርቼበታለሁ፣ ቆዳ ላይ ብቻ እየሳብኩት፤ እስካሁን ነጩ ክር አልታየም። የሙሽራዋን ክዳን እንደ አዲስ ቆርጬ ጨረስኩ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቀዳዳ መብሻዎቹስ? ከውስጥ ነው የሚሳሉት ከውጭ?

የኮርቻ ሰፊው ልጅ

ከውጭ ብቻ ልጄ። ውስጡን ከነካሽው ቀዳዳው ይሰፋል። ወረቀቱ ላይ እያንከባለልሽ ወደ ኋላ ጎትቺው። ስትበሺ ደግሞ ከስሩ ብረት ወይም ድንጋይ አታድርጊ። የቆመ ግንድ ቁራጭ አድርጊ፤ መብሻው የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ በቆመበት፣ በተቆረጠው ፊት ላይ እንዲያርፍ። እኔ ጋ የዋርካ ቁራጭ አለ፤ ኮምቦልቻ ቆዳ ልትገዢ ስትወርጂ ጻፊልኝ፣ ቆርጬ እሰጥሻለሁ።