ዛንዚባር ጆዛኒ ማንግሮቭ ጫካ የሄደ አለ?

የሰበታዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እኔና ባለቤቴ ከፋሲካ በኋላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው፣ ቲኬት ተቆርጧል። ሰው ሁሉ ቢች ቢች ይላል እኔ ግን አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል አይሆንልኝም፣ ዩቲዩብ ላይ ጆዛኒ የሚባል ፓርክ አየሁ ማንግሮቭ ያለበት፣ ዛፉ ሥሩን ከጭቃው አውጥቶ ሸረሪት መስሎ ቆሟል። ባለቤቴ ደሞ ሰበታ እየኖርሽ እዚሁ ያለውን የመናገሻ ሱባን ጫካ ሳታዪ ዛፍ ፍለጋ ባህር ልትሻገሪ ነው እያለ ይስቅብኛል። እውነትም ሄጄ አላውቅም ሃሃሃ። ያዋጣል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? አውሬ ምናምን አለ?

አቢ ዓለም ገና፦
ከስቶን ታውን (አሮጌው የዛንዚባር ከተማ) 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። አንበሳ ከጠበቅሽ ቅሪ። ዋናው ቀዩ ጉሬዛ ነው፣ ከዛንዚባር ደሴቶች ውጭ የለም፣ ሰው አይፈሩም አጠገብሽ ተቀምጠው ቅጠላቸውን ይበላሉ፣ ብቻ እንዳትነኪያቸው። ማንግሮቩ ከጫካው ራቅ ይላል፣ በእንጨት መተላለፊያ ከጭቃው በላይ ነው የምትሄጂው። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው፣ ሹፌሩ በሚመቸው ሰዓት ወሰደኝ ውሃው ሞልቶ ጠበቀኝ፣ ቅጠል አይቼ ተመለስኩ። ሥሩንና ሸርጣኑን ለማየት ባህሩ ሲሸሽ ነው መሄድ፣ ሰዓቱ ደሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ ትናንት የሄደ ሰው የነገረሽን አትያዢ፣ የዛን ቀን ሆቴሉን ጠይቂ።

መምህሩ፦
ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም፣ ጨው ውሃ የለመዱ ብዙ ዓይነት ዛፎች በጋራ የሚጠሩበት ነው። ጭቃው አየር ስለሌለው ነው ሥሩ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ለመተንፈስ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዘሩ ነው፣ አንዳንዱ ገና እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይበቅልና እንደ ረጅም ቃሪያ ሆኖ ይወድቃል፣ አስጎብኚውን አሳየኝ በይው። እኛ ባህር ስለሌለን የለንም፣ ለኛ ቅርቡ ጅቡቲና ምጽዋ በኩል ያለው ነው።

ሚሚ፦
ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው፣ ዣንጥላ ያዢ። የቢጫ ወባ ካርድ ደሞ እንዳትረሺ ከኛ አገር የሚሄድ ይጠየቃል፣ ካርዱ የሚሠራው ከተወጋሽ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻ ሳምንት ላይ እንዳትሯሯጪ።

ወጨጫ፦
ባለቤትሽ ልክ ነው ኧረ! ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ እኮ ደጃፍሽ ነው ያለው፣ የምኒልክ ድኩላም ዕድል ከቀናሽ ታያለሽ። የሱባ ጥድ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ ዘሩ መጥቶ የተተከለ ነው ይባላል። መጀመሪያ የኛን ጉሬዛ እይና ከዛ ሄደሽ ቀዩን አወዳድሪ።

የሰበታዋ፦
ክትባቱን ማን አሰበው! ሚሚ ተባረኪ፣ ነገውኑ እሄዳለሁ። ባለቤቴም አንብቦ ኮርቷል፣ ቅዳሜ ሱባ ካልሄድን ብሏል። ቪትዝ ይገባል?

ወጨጫ፦
ዝናብ ካልጣለ ቀስ እያላችሁ ሞክሩ። ከጣለ ግን ባለቤትሽ ይገፋል አንቺ ትነጃለሽ።