«ስትዘፍን አደረች» ሲል በአፏ ነው በእግሯ?

ሰምና ክር፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን ይዞኛል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስለነበረው የባሌትና የዳንስ ልብስ የሚተርክ አጭር ፊልም አለ፤ የአማርኛውን ትረካ እያረምኩ ነው። ተርጓሚው እንዲህ ጽፏል፦ «ፍላፐሯ ዘርፏን እያርገበገበች ስትዘፍን አደረች።» ፍላፐር የዚያ ዘመን ፋሽን ተከታይ ወጣት ሴት ናት፤ ዘርፉ ከቀሚሷ የሚንጠለጠለው ክር ነው። ምስሉ ላይ ግን ሴትየዋ አፏን እንኳ አልከፈተችም። ቻርልስተን ነው የምትጨፍረው። «ስትዘፍን» የሚለውን ልተወው ወይስ «ስትጨፍር» ላድርገው? ነገ ማታ ድምፅ ይቀረጻል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ ተርጓሚሽን አትንኪው። በግእዝ ዘመረ በአፍ ነው፣ ዘፈነ በእግር ነው። ማቴዎስ 14 ላይ የሄሮድያዳ ልጅ «በመካከላቸው ዘፈነች» ሲል ሄሮድስ ጆሮውን አይደለም የተማረከው። ምዕራፍ 11 ደግሞ «እንቢልታ ነፋንላችሁ ዘፈንም አልዘፈናችሁም» ይላል። እንቢልታ ሲነፋ የሚጠበቀው እግር ማንሳት ነው። ዘፈን ወደ ጉሮሮ የወጣው በኋላ ነው።

አዲስ ሰፈር፦
ማስረጃው ጥሩ ነው። ግን ፊልሙን የሚያየው የዛሬ ሰው ነው። ዛሬ «ሌሊቱን ሙሉ ስትዘፍን አደረች» ብትል ሁሉም ሰው ማይክ ነው የሚታየው። «ስትደንስ» በይና ገላገዪን።

መሪጌታ፦
ደነሰ የፈረንጅ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ግስ ሳወርድ ደነሰ የሚል አላጋጠመኝም።

አዲስ ሰፈር፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት፣ ይረባል እኮ። ይደንሳል፣ ደነሰች፣ ደናሽ፣ አስደነሰ። እንደ ራሳችን ግስ ከረባ የራሳችን ሆኗል ማለት ነው። እኔ እንዲያውም ዳንኪራ ከሚለው ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ።

መሪጌታ፦
ልጄ፣ «ዳን» ሁለቱም ላይ ስላለ? እንዲህ ከሆነማ ዳንቴልም ዘመዳቸው ሊሆን ነው።

አንባቢ ከፓሪስ፦
እኔ የምኖረው ሻንዜሊዜ ቲያትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ባሌ ሩስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1924 «ሰማያዊው ባቡር» የተባለውን ባሌት ያሳየው እዚያ ነው። ድርሰቱን የጻፈው ዣን ኮክቶ፣ ሙዚቃው የዳርዩስ ሚዮ፣ እንቅስቃሴው የብሮኒስላቫ ኒዢንስካ፣ ልብሱ የኮኮ ሻኔል። መጋረጃው የፒካሶ ሥዕል ነበረ፤ ሁለት ግዙፍ ሴቶች ባሕር ዳር ሲሮጡ። አሁን ቃሉን ልብ በሉልኝ። ኮክቶ ሥራውን የጠራው «በዳንስ የሚሠራ ኦፔሬታ» ብሎ ነው። ኦፔሬታ ማለት የሚዘፈን ነገር ነው፤ እዚህ ግን አንድም ሰው አይዘፍንም። ሁሉም በእግሩ ነው። ይህን በአማርኛ የሚሸከም አንድ ቃል ቢኖር «ዘፈን» ብቻ ነው፤ አሮጌውንም አዲሱንም ፍቺ ይዞ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ይኸው! ሰሙ ጉሮሮ፣ ወርቁ እግር።

አንባቢ ከፓሪስ፦
አንድ ነገር ግን ይታረም። ፊልሙ የባሌት መድረኩን «በዘርፍ ቀሚስ የተሞላ» ካለ ስህተት ነው። ሻኔል ያለበሰቻቸው በሹራብ ጨርቅ የተሠራ የዋና ልብስ፣ የቴኒስ ቀሚስና የጎልፍ ልብስ ነው። የቴኒስ ተጫዋቿ ገጸ ባሕርይ የተቀረጸችው በቴኒስ ኮከቧ በሱዛን ላንግለን አምሳል ነው። ያንጊዜ ሰው ባሕር ዳር የሚለብሰውን ነው መድረክ ላይ ያወጡት።

ሰምና ክር፦
ይሄንን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የኔ ዓረፍተ ነገር ግን ስለ ባሌቷ ሳይሆን ስለ ፍላፐሯ ነው።

አዲስ ሰፈር፦
ፍላፐርን ራሱን ለምን አትተረጉሚውም? «ዘመናይ» የሚል ያማረ ቃል አለን። ፀጉሯን የቆረጠች፣ ኮርሴቷን የጣለች፣ የቀሚሷን ወገብ ወደ ዳሌ ያወረደች ሴት። ዘመናይ ናት በቃ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የእንግሊዝኛው ቃል ላይ ክንፍ የማርገብገብ ስሜት አለበት። ገና መብረር የጀመረች ጫጩት ናት ይላሉ። ስለዚህ ተርጓሚው «እያርገበገበች» ማለቱ በዘፈቀደ አይደለም።

አንባቢ ከፓሪስ፦
ፈረንሳዮች ደግሞ «ጋርሶን» ይሏታል። ወንድ ልጅ የሚለውን ቃል የሴት መጨረሻ ሰጥተው ነው። ወደ ወንዳወንድ ይጠጋል፤ ግን የእኛው ቃል ስድብ አለበት፣ የነሱ አድናቆትም አለበት።

የሸማኔ ልጅ፦
ሁላችሁም ዘርፍን ዘላችሁት ሄዳችሁ። እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ነጠላ ከሸማኔ ሲወርድ ጫፉ ላይ ልቅ ክር ይተርፋል። ያ ክር ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ «ተቋጨ» እንላለን። ንግግር «ተቋጨ» የሚባለውም ከዚያ ነው። የፍላፐር ቀሚስ ክር ግን አይቋጭም። ልቅ ሆኖ ነው የሚንጠለጠለው፤ እግር ሲወረወር አብሮ እንዲወረወር። ቻርልስተን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው፤ ልብሱ ካልተከተለ ጭፈራው ግማሹ ይጠፋል። ደግሞ ሁሉም ቀሚስ ዘርፍ አልነበረውም። የሚበዛው በዶቃና በጨሌ የተሰፋው ነው። ዶቃው ከስሱ ሐር ላይ ሲከብድ ቀሚሱን ወደ ታች ይስበዋል፤ ስትዞር ደግሞ ይወዛወዛል። ምስሉ ላይ ያለው ክር ነው ዶቃ? መጀመሪያ እሱን እይልን።

ሰምና ክር፦
ክር ነው። ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ።

የሸማኔ ልጅ፦
እንግዲያው ዘርፍ ነው፣ ልክ ነው።

አዲስ ሰፈር፦
ግን «ዘርፏን» ስትሉ እኔ የጤና ዘርፍ፣ የግብርና ዘርፍ ነው የሚመጣብኝ።

መሪጌታ፦
ያ የቢሮ ዘርፍ የትናንት ነው። በሰዋስው «ቤተ ንጉሥ» ስንል ንጉሥ ዘርፍ ይባላል፤ ከባለቤቱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ማቴዎስ 23 ላይ ስለ ፈሪሳውያን «ዘርፉንም ያስረዝማሉ» ተብሏል፤ ያ የልብሱ ነው። ግእዙ ዘፈር ነው። አማርኛው ፊደሉን አገላብጦ ዘርፍ አለው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መሪጌታ፣ እጅ ነሳሁ! እንግዲህ ስሙኝ። ዘፈር፣ ዘፈነ። ሁለቱም «ዘፈ» አላቸው። አንዱ የሚወዛወዘው ጫፍ፣ ሌላው መወዛወዙ። ቅኔ «ዘረፈ»ም ይጨመር፤ ቃሉ ከአፍ ሲንጠባጠብ እንደ ዘርፍ ነው። ፍላፐሯ ዘፈሯን ይዛ ዘፈነች። ተርጓሚው ሳያውቅ ሥሩን ነክቶታል።

መሪጌታ፦
ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ሦስተኛዋ ፊደል ጌጥ አይደለችም። ረ እና ነ ተለያይተው ሳለ ሥር አንድ ነው አይባልም። በዚህ መንገድ ከሄድክ ዘፈዘፈም ዘመድህ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ዘፈዘፈ ልብስ ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ እሱም ልብስ አለበት!

አንባቢ ከፓሪስ፦
ውኃም አለበት፤ ሻኔል የዋና ልብስ ነው ያለበሰቻቸው። እዚያው ሻንዜሊዜ ቲያትር መድረክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ቤከር ወጣች። እሷ ደግሞ ትጨፍርም ታዜምም ነበር። ለእሷ የምትመርጡት ግስ የትኛው ነው?

መሪጌታ፦
ለእሷ ሁለት ግስ ያስፈልጋል። ዜማ ለብቻው፣ ዘፈን ለብቻው።

ሰምና ክር፦
ቀረጻው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ተዛውሯል። ተራኪዋ ሴት ናት፤ ወጣት ናት። «ስትዘፍን» ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብላ ምስሉን አየች። እባካችሁ አንድ ቃል።

አዲስ ሰፈር፦
ስትጨፍር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስትዘፍን።

የሸማኔ ልጅ፦
«ዘርፏ እስኪበተን» ቢባልስ? ግሱን ክሩ ይናገረዋል።

መሪጌታ፦
ጨፈረ ራሱ ከየት እንደመጣ ማን አየ? ግእዙን ላስታውስና እመለሳለሁ፤ ጠብቁኝ።