«ጄኔሬተር እኮ አለ»

ሞኖፖል፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ የሰማችሁ አላችሁ? እዚሁ ሐዋሳ ካሉ ሆስፒታሎች የአንዱ ኃላፊ «ከሐምሌ 1 ጀምሮ የታካሚ ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በግቢያችን ወረቀት የሚባል ነገር አታዩም» አሉ። ጋዜጠኛው መብራት ሲጠፋስ ብሎ ቢጠይቃቸው ሳቅ አሉና «ጄኔሬተር እኮ አለ» ብለው አለፉት። በቃ፣ ሦስት ቃል። ከአለታ ወንዶ በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ታሪኳ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎባት ስትቆም እነዚህን ሦስት ቃላት ይድገሙላት።

ታቦር፦ አዲስ ነገር ሲመጣ ማጣጣል ሥራችን ሆኗል። የካርድ ክፍሉን ሰልፍ ረሳችሁት? አዎ፣ ጄኔሬተር አለ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ካርድ ክፍል፦ ወረቀት እንደ ናፈቃችሁ የምታወሩ ሰዎች መደርደሪያውን አታውቁትም። ፎልደር የሚቀመጠው በካርድ ቁጥር ነው። 041263ን 041236 ቦታ ላይ የሰካ ሰው ቀበረው ማለት ነው። ፎልደር ሲወጣ በቦታው ትሬሰር ካርድ መግባት አለበት፤ የት ክፍል እንደ ሄደ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ከዚያ «አዲስ ይውጣላቸው» ይባላል። በአዲሱ ካርድ ላይ ታማሚው ስኳር የለበትም፣ ፔኒሲሊን አይቆጣውም፣ ትናንት የተወለደ ሰው ነው።

ነጭ ጋውን፦ ከካርድ ክፍል ጋር እስማማለሁ። ኢንሱሊን 10 ዩኒት ተብሎ በእጅ ሲታዘዝ በላቲን የምትጻፈው «ዩ» አፏ ከተዘጋ ዜሮ ትመስላለች፤ 10 የነበረው 100 ሆኖ ይነበባል። ለዚህ ነው «ዩኒት» ተብሎ በሙሉ ቃል ይጻፍ የሚባለው። ኮምፒውተር ላይ ይህ ስህተት የለም።

አሞራ ገደል፦ ዶክተር፣ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ ከዝርዝሩ ላይ ከታች ያለውን መድኃኒት ጠቅ ማድረግ። ለነገሩ ጄኔሬተር አለ 😀

ቢኒ ኔትዎርክ፦ ቀልዱን ትተን ሦስቱን ቃላት እንፍታቸው። ጄኔሬተር አውቶማቲክ መቀየሪያ ካለው ተነስቶ ጭነቱን እስኪረከብ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል። በእጅ የሚነሳ ከሆነ ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪሮጥ ነው። በዚያች መሐል ሰርቨሩ፣ መረጃው ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ሳጥን) ከሌለው ድርግም ይላል። ተመልሶ ሲነሳ ዳታቤዙ ራሱን አጣርቶ ፕሮግራሙ እስኪከፈት 10 ደቂቃም 15ም ሊፈጅ ይችላል። መብራት የጠፋው 20 ሰከንድ፣ ሲስተሙ የጠፋው ሩብ ሰዓት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ተመላላሽ ክፍሉ እስከ ምሳ አይጠራም።

ታቦር፦ ዩፒኤስ ተገዝቷል። በየጠረጴዛው ሥር አለ፣ ማንም ሄዶ ማየት ይችላል።

ቢኒ ኔትዎርክ፦ በየጠረጴዛው ሥር ያለችው 650 ቪኤ የምትባለው ትንሿ ናት፣ ታቦር ወንድሜ። ባትሪዋ አዲስ ሲሆን አንድ ኮምፒውተርና ስክሪን 10 ደቂቃ አካባቢ ትይዛለች። ውስጧ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ መብራት እየተመላለሰ በሚጠፋበት ቦታ በ2 በ3 ዓመት ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ዩፒኤስ መሆኗ ቀርቶ ከባድ ማከፋፈያ ናት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀሉና ሰዓት ያዙ። 2 ደቂቃ ካልሞላ ባትሪው ይቀየር። ትጮሃለች ብሎ ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ሰው ደግሞ አልቆጥርም።

እሺ፣ ሁሉም ጤነኛ ነው እንበል። ሰርቨሩ በርቷል፣ ሐኪሙ ፊት ያለው ኮምፒውተር በርቷል። ኮሪደሩ ጣሪያ ሥር ሳጥን ውስጥ የተሰቀለችው ባለ 24 ቀዳዳ የኔትዎርክ ስዊችስ? በሁለቱ መሐል ያለች ድልድይ እሷ ናት፣ እሷን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ የለም። መብራት ሲሄድ ትሞታለች። ሐኪሙ ስክሪኑ በርቶ «ከሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ያያል፣ ሁሉም ሰርቨሩን ይሳደባል። ጥፋቱ ያለው ግን 20 ዋት በማትፈጅ ሳጥን ላይ ነው።

ሞኖፖል፦ አያችሁ? ሦስት ቃል አልኳችሁ!

ታቦር፦ ምኑን አየን? ቢኒ የነገረን ስዊች ላይ ዩፒኤስ ይሰካ ነው። ይሰካ! ለዚህ ብሎ ወደ ወረቀት መመለስ ጫማ ቢቀደድ እግር መቁረጥ ነው።

ሲስተር ማታ ተረኛ፦ «ወረቀት አታዩም» ያሉትን ማን አየልኝ? የቅድመ ወሊድ መዝገቡን፣ የማዋለጃውን፣ የክትባቱን ማን ሻረው? ነርሷ ኮምፒውተሩ ላይ ታስገባለች፣ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ታሊ ታደርጋለች (በጭረት ትቆጥራለች)፣ ወሩ በ20 ሲቆረጥ ያ ተደምሮ የጤና ሪፖርት ማጠናቀሪያው ዲኤችአይኤስ2 ላይ ይገባል። አንድ ወሊድ አራት ቦታ። ሲስተሙ ራሱ ደምሮ ወደ ሪፖርቱ ካልላከው ወረቀት አልቀነሰም፣ ኮምፒውተር ተጨመረ እንጂ። የመዝገቡና የሪፖርቱ ቁጥር ሲለያይ ደግሞ የምትጠየቀው ነርሷ ናት።

ነጭ ጋውን፦ ሲስተር ልክ ነዎት፣ ግን ይህ የሽግግር ጊዜ ችግር ነው።

ሲስተር ማታ ተረኛ፦ ሽግግሩ የሚያልቅበትን ቀን ይንገሩኝ ዶክተር፣ ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው።

ካርድ ክፍል፦ ከመብራቱ በላይ የሚያስቸግር አለ። ስም። አንዲት ፀሐይ ስንት ሆና ልትመዘገብ እንደምትችል ቁጠሩ፦ ፀ እና ጸ፣ 2። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ 6። ሲባዛ 12። ዛሬ በአንዱ የተመዘገበች በሚቀጥለው ወር በሌላው ስትፈለግ «አልተገኘም» ይላል። ከዚያ ያው አዲስ ካርድ። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ የምትታየው ስም እንደ ተጻፈች ትቀመጥ፣ ለፍለጋ ግን ከጀርባ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ ተመልሰው በሌላ ዓምድ ይያዙ። ፍለጋው ደግሞ በስም ብቻ አይሁን፣ በስልክና በእናት ስም ጭምር።

አሞራ ገደል፦ ሐመሩን ሐ ልታጠፉት ነው በሉኛ!

ካርድ ክፍል፦ ከጀርባ አልኩ፣ ከጀርባ። ማንበብ ቸገረህ?

ቡርሳሜ፦ ሁሉም ስም በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ መሰላችሁ? ሲዳምኛ በላቲን ነው የሚጻፈው፣ ጥ ደግሞ በኤክስ። ስሙ ውስጥ ጥ ያለበትን ሰው አንዱ መዝጋቢ በኤክስ፣ ሌላው በቲ ያስገባዋል። ስለ ፀሐይ 12 መንገድ ቆጥራችሁ የእኛን አንድም አላነሳችሁም።

ሞኖፖል፦ አሁን ደግሞ የፊደል ጦርነት ይጀመርልን።

ቡርሳሜ፦ ጦርነት አላልኩም፣ ካርዱ ይገኝ ነው ያልኩት።

ሲስተር ማታ ተረኛ፦ ቀኑንም ጨምሩበት። መስከረም 25፣ 2017 የተወለደ ሕፃን 25/01/2017 ተብሎ በፈረንጅ ካላንደር በሚሠራ ቅጽ ላይ ቢገባ ሲስተሙ በ7 ዓመት ከ8 ወር ያስረጀዋል። የ6፣ የ10፣ የ14 ሳምንት ክትባቱን አያስታውሰውም፣ ልጁ ለሲስተሙ ትምህርት ቤት ገብቷላ። እናትየዋ በኢትዮጵያ ነው የምትናገረው፤ የሚቀይረው ማሽኑ መሆን አለበት፣ መዝጋቢው በጣቱ እየቆጠረ አይደለም።

ታቦር፦ ይህ ሁሉ የሚስተካከል ነው። ደግሞ መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሲያድር ማንም ያነበዋል፣ ኮምፒውተር ግን ፓስወርድ አለው።

ቢኒ ኔትዎርክ፦ ፓስወርዱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ አምስት ሰው በአንድ ስም እየገባ? ያኔ የማንን ውጤት ማን እንደ ከፈተ አይታወቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ነገሩ የሥነ ምግባር ወሬ ብቻ አይደለም።

ታቦር፦ እሺ ቢኒ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህና ምን ይደረግ? ዝም ብሎ መተቸት ቀላል ነው።

ቢኒ ኔትዎርክ፦ በየጠረጴዛው አንድ ፖስታ። ውስጡ ሦስት ዓይነት ቅጽ፦ የምርመራ፣ የላብራቶሪ መጠየቂያ፣ የመድኃኒት ማዘዣ። ጊዜያዊ ቁጥር አስቀድሞ ታትሞበት፣ ታካሚ መጀመሪያ ለሚለይበት ለትሪያጅ ከ001 እስከ 100፣ ለድንገተኛ ከ101 እስከ 200፣ እንዳይጋጭ። ሲስተሙ 10 ደቂቃ ከቆመ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ፖስታው። ተኝተው ለሚታከሙት ደግሞ የመድኃኒት ዝርዝራቸው በየጠዋቱ 12 ሰዓት ይታተም።

ነጭ ጋውን፦ ሲመለስ ስለሚገባው ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት ነው መግባት ያለበት፣ የተተየበበት አይደለም። 4 ሰዓት ላይ የተሰጠ ጄንታሚሲን 9 ሰዓት ተብሎ ከገባ የነገው በ5 ሰዓት ይዘገያል። ጭራሽ ካልገባ ደግሞ የማታው ተረኛ አልተሰጠም ብሎ ይደግመዋል።

ሞኖፖል፦ ስለዚህ ወረቀት አለ ማለት ነው! ኃላፊው «አታዩም» ብለዋል እኮ። ታቦር፣ መልስ ስጥ።

ታቦር፦ ፖስታ ውስጥ ነው ተባለ፣ ምኑን ታየዋለህ?

አሞራ ገደል፦ 😂😂 ታቦር ዛሬ አንድ አገባህ።

ሲስተር ማታ ተረኛ፦ ክርክሩን ቀጥሉ፣ ግን የቅጹ ፋይል ያለው ሰው እዚህ ይላክልን።

ቢኒ ኔትዎርክ፦ ማታ እልካለሁ። በኤ4 ነው በኤ5?

ሲስተር ማታ ተረኛ፦ በኤ5። ወረቀት የለንም።